የበረዶው ፖስተኛ

መንገድ ማለት እግር የተስማማበት መሬት ነው። ብዙ የተረገጠ ሣር ይሞታል፤ ሣሩ የሞተበትም መስመር መንገድ ተብሎ ይጠራል። በበረዶ አገር ግን ነገሩ ሌላ ነው። በበረዶ ላይ የወጣ መንገድ አንድ ሌሊት አያድርም፤ ማታ የተረገጠው ጧት የለም። ስለዚህ በረዶ በዋጠው ደን ውስጥ መንገድን የሚያኖረው የሚመላለሰው ሰው እንጂ መሬቱ አይደለም። በአሜሪካ የሲየራ ኔቫዳ ተራሮች ላይ ለሃያ ክረምት እንዲህ ያለውን መንገድ በእግሩ ያኖረ አንድ ሰው ነበር። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሲየራ ኔቫዳ በስፓኝ ቋንቋ «በረዷማ ተራሮች» ማለት ነው። ካሊፎርኒያን ከምሥራቁ ምድር የሚለይ ታላቅ ግድግዳ ነው። ክረምት ሲገባ በጥዱ ደን ውስጥ የሚከመረው በረዶ የሰውን ቁመት ያልፋል። በ1846 መገባደጃ የዶነር ቡድን በመባል የሚታወቁት ስደተኞች፣ ከነልጆቻቸው 81 ሰዎች፣ እዚህ ተራራ ላይ በረዶ ዘጋባቸው። በታኅሣሥ ወር ከመካከላቸው 17ቱ ርዳታ ፍለጋ ወጡ። የበሬዎቻቸውን ማነቆ ሰንጥቀው፣ እንደ አልጋ በጥሬ ቆዳ ጠፍረው፣ የበረዶ ጫማ ሠርተው ነበር። ሁለቱ ወዲያው ተመለሱ። ከቀሩት 15 መካከል ከ33 ቀን በኋላ በሕይወት የደረሱት ሁለት ወንዶችና አምስት ሴቶች ብቻ ናቸው። ከመላው ቡድንም ከ30 የሚበልጡት የተራራው ሲሳይ ሆነው ቀሩ።

የበረዶ ጫማ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች የጥንት ጥበብ ነው። የሰውነትን ክብደት በሰፊው መረብ ላይ አከፋፍሎ እግር እንዳይሰምጥ ያደርጋል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ እርምጃ በጉልበት ይነሣል፣ በጉልበት ይወድቃል፤ ለራበውና ለደከመው ሰው ከባድ ነው። ያን ተራራ በፍጥነት ለመሻገር ሌላ ጥበብ ያስፈልግ ነበር። ያም ጥበብ የመጣው በአንድ የስደተኛ ልጅ ትዝታ ውስጥ ተሸሽጎ ነው።

ዮን ቶርስታይንሰን ሩ በ1827 በኖርዌይ፣ በቴሌማርክ ግዛት፣ ቲን በተባለ ቦታ ተወለደ። በዚያ አገር ሕፃናት ተንሸራታቹን እንጨት የሚለምዱት ገና በልጅነታቸው ነው። የዘመናዊው የበረዶ ሸርተቴ አባት የሚባለው ሶንድሬ ኑርሃይምም ከሁለት ዓመት በፊት የተወለደው በዚያው ግዛት ነበር። ዮን አሥር ዓመት ሲሞላው ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ስሙም ጆን ቶምሰን ሆነ። በ1851 ወርቅ ፍለጋ ከጎረፈው ሕዝብ ጋር ካሊፎርኒያ ገባ፤ ወርቁ ግን እንደ ብዙዎቹ ሁሉ ለእርሱም እጅ አልሰጠም። በመጨረሻ እርሻ ያዘ።

በዚያን ጊዜ ክረምት በገባ ቁጥር ከተራራው ወዲያ ያለው ሕዝብ ከዓለም ይቆረጥ ነበር። ደብዳቤ አይሄድም፣ አይመጣም። በ1855 መገባደጃ ቶምሰን በጋዜጣ ላይ ፖስታ የሚያሻግር ሰው እንደሚፈለግ አነበበ። ሌሎች ሞክረው ተስፋ የቆረጡበት ሥራ ነበር። እርሱ ግን ከኦክ እንጨት ሦስት ሜትር ያህል የሚረዝሙ ሁለት ሳንቆች ጠረበ፤ ሁለቱ ተደምረው 11 ኪሎ ያህል ይመዝኑ ነበር። ሚዛን መጠበቂያም አንድ ረጅም ዘንግ ያዘ። በጥር 1856 ከፕላሰርቪል ተነሥቶ 145 ኪሎ ሜትር የሚያህለውን መንገድ አቋርጦ ካርሰን ሸለቆ ገባ። መሄጃው ሦስት ቀን፣ መመለሻው ሁለት ቀን ፈጀ።

ሕዝቡ እንዲህ ያለ መሣሪያ አይቶ አያውቅምና ስም አጣለት። ስለዚህ «የኖርዌይ የበረዶ ጫማ» አለው፤ ሰውየውንም «ስኖውሹ ቶምሰን»፣ ባለበረዶ ጫማው ቶምሰን ብሎ ጠራው። የታወቀበት መሣሪያ ግን ሸርተቴ እንጂ በጠፍር የተሠራው የበረዶ ጫማ አልነበረም። በዚህ ልንስቅ አይገባም። ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ እንደ ባዘቶ የሚረግፈውንም በአንድ «በረዶ» የምንጠራ እኛ፣ ያላዩትን ነገር በሚያውቁት ስም መጥራት ምን እንደሆነ እናውቀዋለን።

ከዚያ በኋላ ሃያ ክረምት ተመላለሰ። በጀርባው የሚጫነው ብዙ ጊዜ 30 ኪሎ ይደርሳል፤ ሲበዛም ከዚያ ያልፋል። ብርድ ልብስና መሣሪያ ለፖስታው ቦታ ይሻማሉ ብሎ ትቷቸው ይሄዳል። ስንቁ ደረቅ ሥጋና ብስኩት፣ መጠጡ የቀለጠ በረዶ ነው። ሲመሽበት የደረቀ የጥድ ጉቶ አቀጣጥሎ ያድራል። ከእርሱ በፊት ለሞት መንገድ የነበረው ደን ለእርሱ የሥራ ቦታ ሆነ።

በ1856 ታኅሣሥ ጄምስ ሲሰን የተባለ ሰው እግሮቹ በውርጭ ደርቀው በአንዲት ጎጆ ውስጥ ብቻውን ተኝቶ አገኘው። ቶምሰን ጄኖዋ ወደተባለችው መንደር ወርዶ ሰዎች አስከትሎ ተመለሰና ሰውየውን በበረዶ ላይ በሚጎተት ጋሪ አወረዱት። ሐኪሙ እግሮቹን ለመቁረጥ ክሎሮፎርም ያስፈልገኛል አለ፤ በመንደሩ ግን አልነበረም። ቶምሰንም ለዚያ ጠርሙስ ሲል ተራራውን እንደገና ተሻገረ። ሲሰን ዳነ።

ለዚህ ሁሉ መንግሥት ምን ከፈለው? ምንም። ኑሮውን ያቆመችው እርሻው ናት። የኔቫዳ ምክር ቤት እንዲከፈለው ጠይቆለታል፤ እርሱ ራሱም በ1870ዎቹ መጀመሪያ 6,000 ዶላር ለመጠየቅ ዋሽንግተን ድረስ ሄዷል። በጉዞው ላይ ባቡሩ ዋዮሚንግ ውስጥ በረዶ ይዞት ሲቆም፣ ቶምሰን ወርዶ በእግሩ መንገዱን እንደቀጠለ ይተረካል። ባቡር ያልቻለውን በረዶ አለፈ፤ የጽሕፈት ቤቶቹን ደጃፍ ግን ማለፍ አልቻለም። ያገኘው ተስፋ ብቻ ነበር። በግንቦት 1876 በ49 ዓመቱ ሞተ። በመጨረሻው ሰሞን መቆም ቢያቅተው ከፈረስ ላይ ሆኖ ይዘራ እንደነበር ይነገራል።

ዛሬ እርሱ ያልፍበት በነበረው ሆፕ ቫሊ፣ ማለትም የተስፋ ሸለቆ፣ እና በካርሰን ማለፊያ ዙሪያ ሰዎች ለመዝናናት በሸርተቴና በበረዶ ጫማ ይጓዛሉ። በተደላደሉ የሸርተቴ መንገዶች ላይ መኪና ሁለት ትይዩ መስመር ያሰምራል፤ ባለበረዶ ጫማው መስመሩን እንዳያፈርስ ዳር ዳሩን ይሄዳል። በካሊፎርኒያ በክረምት መዝናኛዎቹ መኪና ለማቆም እንኳ ፈቃድ ይገዛል። ያለ ክፍያ የተመላለሰው ሰው ግን ሐውልት ቆሞለታል። ሐውልት መልካም ነው፤ ደመወዝ ግን አይደለም። ውለታና ዕዳ ይለያያሉ፤ ውለታን በምስጋና መመለስ ይቻላል፣ ዕዳ ግን ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ካልተከፈለ ለማን ይከፈላል?

ይህ ስፖርት ለእኛም ፍጹም ባዕድ አይደለም። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የሄደው ሮቤል ተክለማርያም፣ በ2006 በቱሪን ኢትዮጵያን ወክሎ በ15 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሯል፤ በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እርሱ ነው። የቴሌማርኩ ልጅ የአገሩን ጥበብ ይዞ ወደ ሰው አገር ሄደ፤ የአዲስ አበባው ልጅ የሰው አገር ጥበብ ተምሮ የአገሩን ስም ይዞ በበረዶው ላይ ቆመ።

ስደተኛ ድንበር ሲሻገር ሻንጣው ይፈተሻል። በጉልበቱና በቁርጭምጭሚቱ ውስጥ ያለውን እውቀት ግን ፈታሽ አያየውም፤ ዋጋውንም ማንም አይጽፈውም። አንድ ክረምት መጥቶ መንገድ ሁሉ ሲጠፋ ግን፣ የዚያ እውቀት ባለቤት በጋዜጣ ይፈለጋል።