የጫጩት ጾታ ለዪዎች፦ ከቶኪዮ ቤተ ሙከራ እስከ አሜሪካ መፈልፈያዎች



ዛሬ የማቀርበው ከእስፒል ራስ እምብዛም የማይበልጥ የአንድ ጉብታ ታሪክ ነው። ጉብታው የሚገኘው በአንድ ቀን ጫጩት የኩስ መውጫ ውስጥ ነው። ጎልቶ ከታየ ጫጩቱ ወንድ ነው፤ ከሌለ ሴት ናት። ይህን ለይቶ ማየት በሃያኛው ክፍለ ዘመን ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆነ፤ በቢሊዮን ለሚቆጠሩ ጫጩቶች ደግሞ የሞት ፍርድ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄው ጥንታዊ ነው። አርስቶትል ረዥምና ሹል እንቁላል ሴት፣ ክቡ ደግሞ ወንድ ያስገኛል ብሎ ጻፈ። ሮማዊው ኮሉሜላ ነገሩን ገልብጦ ሹሉን ለወንድ ሰጠው። እውነቱ ግን የእንቁላል ቅርጽ ስለ ጾታ አንዳች አይናገርም። ይሁንና ስሕተቱ ለብዙ ዘመን ማንንም አልጎዳም። በእኛ ገጠር እንደሚታወቀው ጫጩቶች ከእናታቸው ኋላ እየጫሩ ያድጋሉ፤ ጾታቸው በራሳቸው ላይ ባለው ቀይ ሥጋና በጅራታቸው ላባ እስኪለይ ይጠበቃል፤ ከዚያ ቄቧ ለእንቁላል ትቀራለች፣ አውራው ለበዓል ይታረዳል። በመጀመሪያው ቀን ማወቁ ለማን ይበጃል?

ጥያቄውን አስቸኳይ ያደረገው የመፈልፈያ መሣሪያ ነው። በ21 ቀን ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ጫጩቶች በአንድ ጊዜ መውጣት ሲጀምሩ፣ ለእንቁላል የተመረጡ ዝርያዎች ወንዶች ለባለቤቱ ሸክም ሆኑ። እንቁላል አይጥሉም፤ ሥጋቸውም የበሉትን መኖ አይመልስም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መኖ ባጠረ ጊዜ የኬምብሪጁ የዘር ውርስ ሊቅ ሬጂናልድ ፐኔት አንድ መላ አመለከተ። በወፎች ዘንድ ጾታን የምትወስነው እናት ናት፤ ሴቷ ጫጩት ከጾታ ጋር የተያያዘውን የላባ ቀለም የምትወርሰው ከአባቷ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀይ የሮድ አይላንድ አውራ ከነጣ ያለች የሰሴክስ ዶሮ ጋር ሲዳቀል ወንዶቹ ገርጥተው፣ ሴቶቹ ቡናማ ሆነው ይፈለፈላሉ። ሕፃን ልጅ እንኳ ይለያቸዋል። መላው ግን ለአንዳንድ ድቅሎች እንጂ ለሁሉ አይሠራም። በእንቁላል ብዛት የታወቀው ነጭ ሌግሆርን ወንዱም ሴቱም እኩል ቢጫ ነው።

መፍትሔው ከጃፓን መጣ። በ1920ዎቹ ኪዮሺ ማሱዪ፣ ጁሮ ሃሺሞቶና የሥራ ባልደረቦቻቸው የጫጩትን የመራቢያ አካል እድገት ሲመረምሩ፣ ወንዱ ከተፈለፈለበት ቀን ጀምሮ ያን ጉብታ ይዞ እንደሚወጣ አሳዩ። በ1927 ኦታዋ በተደረገው የዓለም የዶሮ እርባታ ጉባኤ ግኝቱ ለውጭው ዓለም ቀረበ፤ በ1933 መጽሐፋቸው በእንግሊዝኛ ቫንኩቨር ታተመ። ነገሩ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ለዪው ጫጩቷን በግራ እጁ ይይዛል፣ ሆዷን ገፋ አድርጎ ኩሷን ያስወጣል፣ መውጫዋን በጣቶቹ ገልብጦ በብርቱ መብራት ያያል። ጭንቁ አንዳንድ ሴቶችም አነስተኛ ጉብታ ያላቸው መሆኑ ነው። የሠለጠነ ሰው በሰዓት 1,000 ያህል ጫጩት እየለየ ከመቶ የሚሳሳተው ጥቂት ብቻ ነው። እዚያ ለመድረስ ግን የረጅም ጊዜ ልምምድ ይጠይቃል።

በ1930ዎቹ ጃፓናውያን ባለሙያዎች ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሻግረው ሙያውን አሳዩ፣ አስተማሩም። ብዙ ሳይቆይ ሥራው በአሜሪካ የተወለዱት የጃፓናውያን ልጆች፣ ኒሴይ የሚባሉት፣ እጅ ገባ። ለምን? ወላጆቻቸው ዜግነት እንዳያገኙ በሕግ ተከልክለው ነበር፤ የካሊፎርኒያው የ1913 ሕግ ደግሞ የእርሻ መሬት ባለቤት እንዳይሆኑ አግዷቸዋል። ልጆቹ ዜጎች ቢሆኑም፣ ዲግሪ ይዘው እንኳ ቢሮዎች ይዘጉባቸው ነበር። መሬት የማይጠይቅ፣ በእጅ ብቻ የሚሠራና ጥሩ የሚከፈልበት ሙያ ሲገኝ ቢሽቀዳደሙ ምን ይገርማል?

የመፈልፈያ ባለቤቶች ግን ሌላ ምክንያት ሰጡ፦ የጃፓናውያን ጣት ቀጭን፣ ዓይናቸውም ስል ስለሆነ ነው አሉ። ራሳቸው ለዪዎቹም ገበያቸውን ስለሚጠብቅላቸው ይህን ወሬ አላስተባበሉም፤ እንዲያውም ተጠቀሙበት። በእኔ ግምት የዚህ ታሪክ አንኳር እዚህ ላይ ነው። ከቤተ ሙከራ የወጣና በትምህርት ቤት የሚሰጥ እውቀት የዘር ስጦታ ተደርጎ ተቆጠረ፤ ውዳሴው በር ከፈተላቸው፣ እዚያው በር ላይም አቆማቸው። ፈላስፎችም ጫጩት ለዪ የሚያውቀውን በቃል መግለጽ አይችልም እያሉ ምሳሌ አድርገውታል። በ1987 የታተመው የቢደርማንና የሺፍራር ጥናት ይህን አባባል ይፈትነዋል። ልምድ የሌላቸው ሰዎች የት ማየትና የትኛውን ቅርጽ መፈለግ እንዳለባቸው በአጭር ጽሑፍ ሲነገራቸው፣ በፎቶግራፍ ላይ ከነባር ባለሙያዎች የማያንስ ውጤት አገኙ። የእጁ ፍጥነት በልምምድ እንጂ በጽሑፍ አይገኝም። የዓይኑ ምሥጢር ግን ይነገራል።

በ1942 የአሜሪካ መንግሥት ከምዕራብ ጠረፍ 120,000 ያህል የጃፓን ተወላጆችን ወደ ማጎሪያ ካምፖች አጋዘ። በዚያው ጦርነት አገሪቱ እንቁላል በብዛት ትፈልግ ነበር። ስለዚህ አንዳንድ ኒሴዮች ሙያቸው ፈቃድ አስገኝቶላቸው ከሽቦው አጥር ወጡ፣ ወደ አገሪቱ መካከለኛ ክፍል መፈልፈያዎችም ሄዱ። በታማኝነቱ የተጠረጠረ ሰው ጣቶቹ ግን አልተጠረጠሩም።

ከጦርነቱ በኋላ ኮሪያውያን ወደ ሙያው በብዛት ገቡ። «ሚናሪ» የተሰኘውን የ2020 ፊልም ያየ ሰው፣ በአርካንሳው መፈልፈያ የሚሠራው ኮሪያዊ አባት ስለ ጭስ ማውጫው ለትንሹ ልጁ ሲነግረው ያስታውሳል። የሚቃጠሉት ለምንም አይጠቅሙም የተባሉ ወንዶች ጫጩቶች ናቸው። ለዪው ጫጩት አይገድልም፤ በሁለት ሣጥን ብቻ ይከፍላል። ይህ ሣጥን ነው ዛሬ በአውሮፓ የተከሰሰው። ጀርመን ከጥር 2022 ጀምሮ የእንቁላል ዝርያ ወንድ ጫጩቶችን መግደል ከልክላለች። አሁን ጾታው የሚለየው ገና በእንቁላሉ ውስጥ ነው። አንዱ ዘዴ በቅርፊቱ ብርሃን አሳልፎ የፅንሱን ላባ ቀለም ያነባል፤ ማለትም ፐኔት የተጠቀመበትን ልዩነት። ለቡናማዎቹ ድቅሎች ይሠራል። ነጮቹ ግን ዛሬም ወንዱም ሴቱም እኩል ቢጫ ስለሆኑ ይህ ማሽን አይለያቸውም፤ ለእነርሱ ከእንቁላሉ ጠብታ ፈሳሽ ተቀድቶ ይመረመራል።