«ስክራም!»፦ ከመንገድ ቋንቋ እስከ ኒውክሌር ማብላያ

የሚያስቸግራችሁን ሰው ምን ትሉታላችሁ? «ዞር በል!»፣ «ወግድ!»፣ ወይም በአራዳ ቋንቋ «ላሽ በል!»። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም እንዲህ ያለ ቃል ሞልቷቸዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካውያን «እንሂድ» ከሚለው የስፓኒሽ ቃል ወስደው «ቫሙስ» ማለት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1861 የእርስ በርስ ጦርነታቸው ሲፈነዳ ደግሞ «ስኪዳድል» የሚለው ቃል በወታደሮች አፍ ገነነ፤ ከጦር ሜዳ እግሬ አውጪኝ ባለ ሰው የሚያሾፉበት ቃል ነበር። በ1920ዎቹ ተራው የ«ስክራም» ሆነ። «ጥፋ ከዚህ!» ወይም «ላጥ በል!» እንደማለት ነው።

ታሪካችን ስለዚህ ስለ መጨረሻው ቃል ነው። ምክንያቱም ዛሬ «ስክራም» የኒውክሌር መሐንዲሶች የሙያ ቃል ነው። የኒውክሌር ማብላያን (ሪአክተርን) አደጋ ሲያሰጋ በቅጽበት ማጥፋት ማለት ነው። የመንገድ ልጆች ቃል እዚያ ምን ሊሠራ ገባ?

መልሱን ለማግኘት ወደ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ እንሂድ። ቀኑ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 1942 ነው። በስፖርት ሜዳው የተመልካቾች መቀመጫ ሥር ባለ አዳራሽ ውስጥ በኤንሪኮ ፈርሚ የሚመራ ቡድን የግራፋይት ጡቦችንና ዩራኒየምን እየደራረበ አንድ ትልቅ ክምር ሠርቷል። የዓለም የመጀመሪያው ሪአክተር ይህ ነው። ዩራኒየም ሲሰነጠቅ ኒውትሮን ይለቃል፤ ያ ኒውትሮን ሌላውን ይሰነጥቃል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ሂደቱን የሚገታው ካድሚየም የተባለው ብረት ነው፤ ኒውትሮንን ይውጣልና። ካድሚየም ያለባቸውን ዘንጎች ከክምሩ ስታወጡ ሂደቱ ያይላል፣ ስታስገቡ ደግሞ ይከስማል።

ዘንጎቹ እምቢ ቢሉስ? ለዚህም መጠባበቂያ ነበር። አንዱ ዘንግ በገመድ ታስሮ ተንጠልጥሏል። ኖርማን ሂልበሪ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ደግሞ መጥረቢያ ይዞ ሰገነቱ ላይ ቆሟል። ነገሩ ከተበላሸ ገመዱን ይቆርጣል፣ ዘንጉም ወርዶ ክምሩ ውስጥ ይገባል። ጠዋት ላይ ሌላ በራሱ የሚሠራ የደኅንነት ዘንግ በድንገት ድው ብሎ ገባና ሁሉንም አስደነገጠ። የተሞላበት ልክ ዝቅ ብሎ ስለነበር እንጂ አደጋ አልነበረም። ፈርሚም ተረጋግቶ «ምሳ እንብላ» አለ! ከምሳ በኋላ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ላይ ሙከራው ተሳካ። ሪአክተሩ ለ28 ደቂቃ ያህል ሠርቶ እንዲጠፋ ተደረገ። የሂልበሪ መጥረቢያ ሥራ ፈትቶ ዋለ።

ከዚያ በኋላ አንድ ወሬ ተዛመተ። «ስክራም» የአምስት ቃላት ምህፃር ነው ተባለ፦ ሴፍቲ፣ ኮንትሮል፣ ሮድ፣ አክስ፣ ማን፤ ማለትም «የደኅንነት መቆጣጠሪያ ዘንግ ባለ መጥረቢያ»። ደስ ይላል አይደል? ፊደሎቹ ልክ ይገጥማሉ፤ ባለ መጥረቢያውም በእርግጥ ነበር። ዛሬም ብዙ ሰው ይህንኑ ይደግማል።

ግን ቆም ብለን እንጠይቅ። አንደኛ፣ ቃሉ የቱን ያህል ዕድሜ አለው? «ስክራም» ከሙከራው ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ በአሜሪካ መንገዶች ላይ ሲነገር ነበር። ሁለተኛ፣ እዚያ የነበሩት ሰዎች ምን አሉ? ሂልበሪ ራሱ ይህን ትርጓሜ የሰማው ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደሆነ ጽፏል። «ሚስተር ስክራም» ብሎ የጠራውን የሥራ ባልደረባውን «ለምን እንዲህ አልከኝ?» ብሎ ሲጠይቀው ነው ታሪኩን የሰማው። በቡድኑ ውስጥ የነበረው ዋረን ናየር ደግሞ ነገሩ የጀመረው በቀልድ መሆኑን ያስታውሳል። የመቆጣጠሪያ መሣሪያዎቹን ቡድን ይመራ የነበረው ቮልኒ ዊልሰን ከባልደረቦቹ ጋር ስለ አንድ ትልቅ የአደጋ ጊዜ ቁልፍ ይወያያል። አንዱ «ቁልፉን ከተጫንን በኋላ ምን እናደርጋለን?» ይላል። ዊልሰን «ከዚህ ላጥ ነዋ!» ብሎ ይመልሳል፤ ላጥ ማለት ደግሞ በእነሱ አፍ «ስክራም» ነው። በቃ፣ ቁልፉም ያንኑ ስም ያዘ።

እንዲህ ያለ የምህፃር ተረት በሌላም ቃል ላይ ትሰማላችሁ። «ኒውስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከአራቱ አቅጣጫዎች የመጀመሪያ ፊደላት የተሠራ ነው ብሏችሁ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። እውነቱ ግን ቃሉ «አዲስ» ከሚለው መውጣቱ ነው፤ አዳዲስ ነገሮች እንደማለት። ስለዚህ የቃል ታሪክ በጣም ሲያምርባችሁ ሁለቱን ጥያቄዎች አትርሱ፦ ቃሉ መቼ ተጀመረ? በቦታው የነበረስ ምን አለ?

የ«ስክራም» ታሪክ ግን ከቀልድ ያለፈ ቁም ነገርም አለው። እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011 ጃፓንን ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታት በፉኩሺማ ዳይቺ ጣቢያ ሥራ ላይ የነበሩት ሦስት ሪአክተሮች ወዲያው በራሳቸው «ስክራም» አደረጉ። ሰንሰለታዊው ሂደት ቆመ። ሙቀቱ ግን አልቆመም። ከስንጠቃው የተረፉት ንጥረ ነገሮች ገና ሙቀት ይለቃሉ፤ ሪአክተሩ በጠፋበት ቅጽበት ይህ ሙቀት ከሙሉ ኃይሉ 6 በመቶ ያህል ነው። ይህም በውሃ ካልቀዘቀዘ ነዳጁን ለማቅለጥ ይበቃል። ሱናሚው የመጠባበቂያ ጄኔሬተሮቹን ሲያጥለቀልቃቸው የሆነው ይኸው ነው።

የዚያን ቀን የጣቢያው ሠራተኞች መቆጣጠሪያ ክፍሉን ጥለው አልሸሹም። በባትሪ መብራት ጨለማው ውስጥ ሆነው የመለኪያዎቹን ቁጥር ያነቡ ነበር። ቃሉ «ላጥ በሉ» ቢልም የእነሱ ሥራ ከዚያ ቅጽበት በኋላ ገና መጀመሩ ነበር።