ፓርቲ ያልሆነው ጥያቄ

አንገር ጉቲን ገበያ ዳር ሻይ ስንጠጣ አንድ ወዳጄ፣ «ቱኒዚያ እንናህዳ የሚባል ለዘብተኛ የእስልምና ፓርቲ አላት። የእኛ አገር ሙስሊም ይህን ያህል ብዙ ሆኖ ሳለ እንዴት አንድ እንኳ ሳያቆም ቀረ?» አለኝ። ቀላል ጥያቄ አይደለም።

መልሱን የሚሻ ሰው ወደ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. መመለስ አለበት። በዚያ ዕለት በአዲስ አበባ መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ሰልፍ ወጣ። ክርስቲያኖችም አብረው ነበሩ። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ኦርቶዶክስ ናት፤ ሙስሊሙ ግን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ይባል ነበር፤ እንግዳ ይመስል! ሰልፈኛው 13 ጥያቄዎች አቀረበ። ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ፣ በዓሎቻችን ይከበሩ፣ የመሬት ባለቤት እንሁን፣ በመንግሥት ሥራ እንካፈል፣ ብሔራዊ ምክር ቤት ይኑረን፣ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል የሚሉት ይገኙበታል። ልብ ይሏል፣ የእስላም መንግሥት ይቋቋም ያለ አልነበረም። የተጠየቀው ዜግነት ነው። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ሦስቱን በዓላት ብሔራዊ አደረገ፤ መጅሊሱም በሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ሊቀ መንበርነት ሥራ ጀመረ።

እርግጥ እስላማዊ የሚል ስም ያነገበ ድርጅት ጨርሶ አልጠፋም። በጃራ አባ ገዳ የሚመራው፣ በሐረርጌ የተንቀሳቀሰው የኦሮሚያ ነፃነት እስላማዊ ግንባር በሰኔ 1983ቱ የሽግግር ጉባኤ ተካፍሎ በምክር ቤቱ 3 መቀመጫ አግኝቶ ነበር። ስሙ እስላማዊ ይሁን እንጂ የሚታገለው ለኦሮሚያ ነው።

ቁም ነገሩም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ወለጋን እንይ። በደርግ ዘመን ወደ አንገር ሸለቆ ከመጡት ሰፋሪዎች ብዙዎቹ የወሎ ሰዎች ናቸው፤ በወሎ ደግሞ አንዱ ወንድም ሲሰግድ ሌላው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል። ጎረቤታቸው ኦሮሞም ሙስሊም አለበት፣ ክርስቲያን አለበት። በቅርብ ዓመታት በምሥራቅ ወለጋ ያ ሁሉ ደም ሲፈስ ሰው የተለየው በዋናነት በብሔሩ እንጂ በሃይማኖቱ አልነበረም። አንድ መስጊድ የሰገዱ ሰዎች በፖለቲካው ሁለት ወገን ሆኑ። የሃይማኖት ፓርቲ ሊይዘው የሚችለውን ቦታ ብሔር ቀድሞ ይዞታል።

የ2004ቱ «ድምፃችን ይሰማ»ም ወደ ፓርቲነት አልሄደም። በአወሊያ ጉዳይ የተመረጠው 17 አባላት ያሉት ኮሚቴ የጠየቀው የመጅሊስ ምርጫ በየመስጊዱ እንዲካሄድና የአሕባሽ አስተምህሮ በግድ መጫኑ እንዲቆም ነው። በ1966 «መንግሥት ይወቀን» የተባለው አሁን «መንግሥት ይልቀቀን» ሆነ። እንናህዳ ራሱ እኮ ሃይማኖታዊ ሥራውን ከፖለቲካው የለየው ዘግይቶ በ2008 ዓ.ም. ነው! ያም ሆኖ የኮሚቴው መሪዎች በሐምሌ 2004 ታሰሩ፤ በመስከረም 2005 ምርጫው በየቀበሌው ተደረገ። በ2007 እነ ኡስታዝ አቡበከር አሕመድ 22 ዓመት ተፈረደባቸው፤ ከጊዜ በኋላ ተፈቱ። መጅሊሱ በዐዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው ከዚያም በኋላ በ2012 ዓ.ም. ነው፤ ከሚያዝያው ሰልፍ 46 ዓመት በኋላ።