ለሥር ሰደድ የመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ

የስቴሮይድ መርፌ፣ በሕዝብ አነጋገር የኮርቲዞን መርፌ፣ ከኩላሊት በላይ በተቀመጡት ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች ከሚመነጨው ሆርሞን ጋር በባሕርዩ የተዛመደ መድኃኒት በታመመው መገጣጠሚያ ውስጥ በቀጥታ የሚገባበት የሕክምና ዓይነት ነው። ጕልበትን፣ ትከሻን፣ ዳሌንና የእጅ አንጓን ለማከም ሲሠራበት ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ይሁን እንጂ መርፌው የሚሰጠው ዕረፍት በሳምንታት፣ ሕመሙ ግን በዓመታት የሚቈጠር በመሆኑ፣ ከሌሎቹ የሕክምና መንገዶች ጋር አመዛዝኖ መቼ እንደሚበጅና መቼ እንደማይበጅ መለየት የሐኪሙም የሕመምተኛውም ጭንቀት ሆኖ ኖሯል።

በአገራችን ቁርጥማት የሚለው ስም መነሻቸውም መድረሻቸውም የተለያየ ብዙ ደዌያትን በአንድ ጥላ ሥር ሰብስቦ ስለያዘ፣ ከማመዛዘኑ አስቀድሞ ስሙን ፈትቶ ማየት ያስፈልጋል። በዕድሜ፣ በክብደትና በቆየ ጉዳት ምክንያት የአጥንትን ጫፍ እንደ ልባስ የሸፈነው ልም አጥንት እየሳሳ ሲሄድ የሚመጣው ኦስቲኦአርትራይትስ ይባላል፤ የሰውነት ዘበኛ የሆነው የመከላከያ ኃይል ወገኑን እንደ ጠላት ቈጥሮ የመገጣጠሚያውን ሽፋን ሲወጋ የሚመጣው ሩማቶይድ አርትራይትስ ነው፤ የዩሪክ አሲድ ቅንጣቶች በመገጣጠሚያ ውስጥ ሲረጉ፣ ብዙ ጊዜ ከእግር አውራ ጣት ጀምሮ ሰውን በሌሊት የሚያስጮኸው ደግሞ ሪህ ነው። ከእነዚህም ሌላ፣ ቲቢ ገና ባልጠፋባቸው እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች፣ አንድ ጕልበት ወይም አንድ ዳሌ ብቻውን ለወራት ሲያመውና ሲያብጥ የቲቢ ተሕዋስያን እንዳይሆኑ መጠርጠር ይገባል፤ ስቴሮይድ የሰውነትን መከላከያ የሚያስተኛ ነውና፣ እንዲህ ባለው መገጣጠሚያ ውስጥ ቢገባ ቅጥሩ ከፈረሰ ከተማ ዘበኛውን ጨምሮ እንደ ማሰናበት ይሆናል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሐኪም ጥርጣሬ ባለበት ሁሉ መድኃኒቱን ከማግባቱ በፊት ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ቀድቶ ያስመረምራል።

የመድኃኒቱ ታሪክ የሚጀምረው በአሜሪካ፣ በሚኔሶታ፣ ሮቼስተር ከተማ ባለው በማዮ ክሊኒክ ነው። ፊሊፕ ሄንች የተባለው ሐኪም በ1929 (እዚህ የሚጠቀሱት የውጭ አገር ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የወፍ በሽታ የያዘው አንድ የሩማቶይድ ሕመምተኛ የመገጣጠሚያው ሥቃይ ዐብሮ ሲቀልለት አየ፤ ኋላም እርጉዞች እንዲሁ ሲሻላቸው ተመልክቶ፣ ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው አንድ ስውር ፈዋሽ ነገር አለ ብሎ ገመተ። ባልደረባው የኬሚስትሪው ሊቅ ኤድዋርድ ኬንዳል ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች ለይቶት የነበረውን፣ ኋላ ኮርቲዞን የተባለውን ውሁድ የሜርክ ኩባንያ ከበሬ ሐሞት ተነሥቶ፣ ከሠላሳ በሚበልጥ የኬሚስትሪ እርምጃ፣ በጥቂት በጥቂቱ መሥራት ከቻለ በኋላ፣ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1948 መንቀሳቀስ ላቃታት ለአንዲት የ29 ዓመት ሴት ተሰጠ፤ ሴትዮዋም በሳምንቱ ከሐኪም ቤት ወጥታ ገበያ ስትዞር ዋለች። በ1950 ሄንችና ኬንዳል፣ ከባዝሉ ሊቅ ከታዴዎስ ራይክሽታይን ጋር፣ የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ደስታው ግን ሳይውል ሳያድር በሐዘን ተቀላቀለ፤ መድኃኒቱን ለወራት የወሰዱት ፊታቸው እንደ ጨረቃ ሲከብብ፣ አጥንታቸው ሲሳሳ፣ ስኳራቸው ከፍ ሲል፣ ሲያቋርጡትም ደዌው ተመልሶ ሲመጣ ታየ።

ለሰውነት ሁሉ ከመስጠት ይልቅ በታመመው ቦታ ብቻ የመስጠት ሐሳብ የተወለደው ከዚህ ጭንቀት ነው። ኮርቲዞን ራሱ፣ በጉበት ውስጥ ወደ ሃይድሮኮርቲዞን ካልተለወጠ በቀር ኃይል ስለሌለው፣ በመገጣጠሚያ ውስጥ ሲገባ እምብዛም አልረዳም ነበር፤ በ1951 የፊላደልፊያው ሐኪም ጆሴፍ ሆላንደር ሃይድሮኮርቲዞንን በቀጥታ ወደ መገጣጠሚያ አስገብቶ የተሳካ ውጤት አሳተመ። ዛሬ የሚሠራባቸው ትራያምሲኖሎንና ሜቲልፕሬድኒሶሎን በፈሳሽ ቶሎ የማይሟሙ ደቂቅ ቅንጣቶች ስለሆኑ ከገቡበት ቦታ ቀስ እያሉ ይሠራሉ። ከእነርሱ ጋር ብዙ ጊዜ ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣ ይቀላቀላል፤ ሕመምተኛው ከአልጋው ሲነሣ ተፈወስሁ የሚለው በማደንዘዣው ኃይል ነውና፣ ያው ሕመም ማታ ሲመለስ ተታለልሁ ማለት አይገባውም፤ የስቴሮይዱ ተራ የሚመጣው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው።

በኦስቲኦአርትራይትስ የተያዘ ጕልበት ከመርፌው የሚያገኘው ጥቅም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጐልቶ ይታያል፣ ከዚያ እየደከመ ይሄዳል፤ ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃ መርማሪ ማኅበር በ2015 ያሳተመው ጥናት 27 ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምሮ ከስድስት ወር በኋላ ጥቅሙ የሚታይበት ማስረጃ አላገኘም። ይልቁንም በ2017 የታተመ አንድ የአሜሪካ ሙከራ 140 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ለሁለት ዓመት በየ12 ሳምንቱ ለእኩሌቶቹ 40 ሚሊግራም ትራያምሲኖሎን፣ ለቀሩት የጨው ውኃ ብቻ ቢሰጣቸው፣ በሕመማቸው ልዩነት ሳይገኝ የስቴሮይዶቹ ልም አጥንት 0.21 ሚሊሜትር፣ የጨው ውኃዎቹ 0.10 ሚሊሜትር ሳስቶ ተገኘ። የልዩነቱ መጠን ትንሽ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጥቅም ሳይገኝበት የሚከፈል ዋጋ ትንሽም ቢሆን ዋጋ ነውና፣ በቀጠሮ እየተቈጠረ የሚደጋገመውን መርፌ የዚህ መጣጥፍ ጸሐፊ አያመሰግነውም። ሐኪሞችም በአንድ መገጣጠሚያ ላይ ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ መድገምን ይከለክላሉ። የስኳር ሕመምተኛ ለጥቂት ቀናት ስኳሩ ከፍ ስለሚል አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል፤ በጠይም ቆዳ ላይ መርፌው ያረፈበት ቦታ ነጥቶ ሊቀር ይችላል፤ ማመርቀዝ እጅግ ጥቂት ጊዜ ቢደርስም፣ ሲደርስ መገጣጠሚያውን የሚያጠፋ ነው። ለኤች አይ ቪ ሪቶናቪር ያለበትን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ይህን ሳይናገር ትራያምሲኖሎን ቢወጋ፣ ሪቶናቪር ስቴሮይዱ ከሰውነት እንዳይወጣ ስለሚያግደው፣ አንድ መርፌ ብቻ የሄንች ሕመምተኞች ያዩትን የፊት መክበብ፣ ከኩላሊት በላይ ያሉትንም ዕጢዎች መድከም ሊያመጣበት ይችላል።

በሪህ ላይ ፍርዱ ይለወጣል። አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ሲነድድ፣ በተለይ ኩላሊቱ ወይም ጨጓራው የሌላውን መድኃኒት ኃይል ለማይችል ሰው፣ መርፌው ፈጥኖ የሚደርስ ረዳት ነው፤ የዩሪክ አሲዱን መጠን የሚያወርደው ግን አሎፑሪኖል ነው። በሩማቶይድ አርትራይትስም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጠው ሜቶትሬክሴት ሥራውን እስኪጀምር ድረስ ባሉት ሳምንታት መርፌው እንደ ድልድይ ያገለግላል፤ ሜቶትሬክሴቱን በየቀኑ የሚውጥ ግን ሕይወቱን ለአደጋ ይሰጣል።

ሐኪም ቤት ሄዶ መርፌ ሳይወጋ የተመለሰ ሰው እንዳልታከመ በሚቈጠርበት ልማድ ውስጥ፣ ለጕልበት ሕመም ፍቱኑ ነገር የጭን ጡንቻን እንደ ማጠንከር ያለ ፊዚዮቴራፒ ነው ብሎ መናገር የሐኪሙን ክብር ሳይቀንስ አይቀርም። ሆኖም በአሜሪካ የጦር ሠራዊት ሐኪም ቤቶች 156 ሕመምተኞች ላይ ተደርጎ በ2020 የታተመው ሙከራ የመሰከረው ይህንኑ ነው፤ ሕመምንና የመንቀሳቀስ ችግርን ከ0 እስከ 240 በሚቈጥረው መለኪያ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ መርፌ የወሰዱት በአማካይ 55.8፣ በፊዚዮቴራፒ የታከሙት 37.0 ሆነው ተገኙ፤ ቍጥሩ ያነሰው ነው የተሻለው። ክብደት መቀነስም እንዲሁ ነው፤ አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ከጕልበቱ ላይ ወደ አራት ኪሎ የሚጠጋ ጭነት ያወርዳል። ምርኩዝ የሚይዝ ሰው ከሚያመው ጕልበት በተቃራኒው እጅ መያዝ እንዳለበት፣ ብዙ ጊዜ በሚያመው በኩል ሲይዙት ስለሚታይ፣ መጻፉ አይከፋም። በማሕሌት ሌሊቱን በመቋሚያ ቆመው የሚያድሩ፣ በስግደትም ጕልበታቸውን የሚያጥፉ አረጋውያን፣ ጕልበትን አሳርፉ የሚል ምክር ሲሰሙ ስግደቱን መተው የታዘዙ ይመስላቸዋል፤ የሚያስፈልገው ግን ጕልበት በሚነድድበት ሰሞን ብቻ ማሳረፍ ነው፣ ፈጽሞ የማይታጠፍ ጕልበት ይብሱን ይደርቃልና።

ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ብግነትን ያስታግሣሉ፤ ይሁንና ጨጓራን ያቈስላሉ፣ ኩላሊትን ያደክማሉ፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፤ ጨጓራን ይምራል ተብሎ የተወደሰው ቫዮክስም ድንገተኛ የልብ ሕመምን ስላበዛ በ2004 ከገበያ ወጥቷል። ጕልበትና እጅ ለቆዳ ቅርብ ስለሆኑ በቅባት መልክ የተሠራው ዲክሎፌናክ ለብዙው ሰው የተሻለ መነሻ ነው። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ በ2019 ባወጣው መመሪያ ግሉኮሳሚንን ለጕልበት ኦስቲኦአርትራይትስ፣ ከሕመምተኛው ደም የሚጣራውን የፕላትሌት መርፌም እንዲሁ፣ አልመከረም።

ሙቀት ጡንቻን ስለሚያፍታታ ፍል ውኃ ለጊዜው ያሳርፋል። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው ቤት ያሠሩበት፣ አዲስ አበባም የተቈረቈረችበት ስፍራ ይኸው ፍል ውኃ መሆኑ፣ ዋና ከተማን በመገጣጠሚያ ዕረፍት አጠገብ የመሠረተ ሕዝብ ያሰኘናል። ወጌሻ የሚያሸው ጕልበት ግን ያበጠ፣ የሞቀና ትኩሳት ያለበት ከሆነ፣ ከመታሸቱ በፊት ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ልም አጥንቱ ፈጽሞ ያለቀበት ሰው የመጨረሻ መንገዱ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ማስገባት ነው፤ ይህን ጥበብ በእንግሊዝ አገር፣ በራይቲንግተን ሐኪም ቤት፣ ጆን ቻርንሊ በ1962 ለዳሌ በብረትና በፕላስቲክ አደላድሎታል። ለዚህ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የያዘ ሕመምተኛ፣ ቀኑ እስኪደርስ ሕመሙን ለመሸሽ ሲል መርፌ ቢወጋ፣ ከመርፌው እስከ ቀዶ ሕክምናው ያለው ጊዜ ከሦስት ወር ያነሰ እንደ ሆነ የአዲሱ መገጣጠሚያ የመመርቀዝ ዕድል ከፍ ስለሚል፣ ብዙ ሐኪሞች ቀጠሮውን ያራዝሙበታል።