የርካሽ ዕቃ ታሪክ

እናቴ እህል ስትገዛ ዋጋውን አስቀድማ አትጠይቅም ነበር። በመዳፏ ዘግና ወደ ብርሃን ታስጠጋዋለች፤ አንድ ሁለት ፍሬ በጥርሷ ትሰብራለች፤ ከነጋዴው ጋር ክርክር የምትገጥመው ከዚያ በኋላ ነው። ልጅ ሳለሁ ይህ ልማዷ ያሳፍረኝ ነበር። ‹‹ዋጋው የነጋዴው ነው፤ እህሉ ግን የራሱ ነው›› ትለኝ ነበር እጄን እየጎተተች። የዚህ አነጋገር ትርጉም የገባኝ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ እህል በማይሸጥበት ገበያ ነው፤ በ1999 መስከረም (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)፣ በዋሽንግተን አካባቢ በአንድ አዳራሽ ውስጥ በተዘረጋ የኮምፒውተር ዕቃ ገበያ።

ያን ጊዜ ሌሊት ሌሊት ፓርኪንግ እሠራ ነበር። ታናሽ ወንድሜ በዚያው ዓመት ከአዲስ አበባ መጥቶ አብሮኝ መኖር ጀምሯል፤ ዕድሜው ዐሥራ አምስት ነው። ቤት ውስጥ ከ‹እሺ› እና ከ‹አይ› በቀር ቃል አይወጣውም። ትምህርት ቤት በገባ በሁለተኛው ሳምንት ግን ከሥራ ስመለስ ነቅቶ ጠበቀኝና፣ ‹‹ጋሼ፣ ኮምፒውተር ስንት ያወጣል?›› አለኝ። የክፍሉ ልጆች በምሳ ሰዓት የሚያወሩት ‹ሃፍ ላይፍ› ስለሚባል ጌም ነው፤ እርሱ የሚያወራው የለውም። ከመጣ ወዲህ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር።

ለእናቴ የሚላከውን ለይቼ ካስቀመጥኩ በኋላ በእጄ የቀረው 650 ዶላር ነው። በመደብር ተገጣጥሞ የሚሸጥ፣ ጌም በወጉ የሚያጫውት ኮምፒውተር በዚህ ገንዘብ አይገኝም። አብሮኝ የሚሠራ አንድ የሀገሬ ልጅ፣ ‹‹አትግዛው፤ ግጠመው›› አለኝ። እንዴት ይገጠማል ብዬ ማንበብ ስጀምር ግን ከዕቃው ዝርዝር አስቀድሞ ያገኘሁት ታሪክ ነበር።

ኮምፒውተር በክፍል በክፍሉ ተገዝቶ በቤት ጠረጴዛ ላይ መገጠሙ የግድ የሆነ ነገር አልነበረም። አይ.ቢ.ኤም. ኦገስት 12 ቀን 1981 የግል ኮምፒውተሩን ለገበያ ሲያቀርብ፣ በፍሎሪዳ ቦካ ራቶን የተቀመጠው የሥራ ቡድን ጊዜ ስላጠረው ሁሉን ነገር ራሱ አልሠራም። ፕሮሰሰሩን ከኢንቴል፣ የሥራ ሥርዓቱን ከማይክሮሶፍት ወሰደ፤ ሌሎች ኩባንያዎችም ተጨማሪ ካርድ እንዲሠሩለት የውስጥ አሠራሩን ዝርዝር በመጽሐፍ አሳተመ። ለራሱ ያስቀረው ቁልፍ ባዮስ የተባለውን የማስነሻ ፕሮግራም ብቻ ነበር። በ1982 የተመሠረተው ኮምፓክ ደግሞ ዋናውን ጽሑፍ ያላዩ ባለሙያዎችን አስቀምጦ፣ ሥራው አንድ የሆነ፣ ጽሑፉ ግን የራሱ የሆነ ባዮስ አጻፈ። በሩ ተከፈተ። በ1995 ኢንቴል ‹ኤ.ቲ.ኤክስ.› የተባለውን የማዘርቦርድና የኬዝ መለኪያ ሲያወጣ የአንዱ ሠሪ ብሎን ለሌላው ቀዳዳ ልክ ሆነ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ታይዋን ውስጥ የተሰበሰቡ ትናንሽ ሠሪዎች ገበያውን ወረሱት፤ አይ.ቢ.ኤም. ራሱ በ2005 የግል ኮምፒውተር ንግዱን ለሌኖቮ ሸጦ ወጣ።

ነገር ግን ሁሉም ዕቃ ከሁሉም ጋር ይገጥማል ማለት፣ ሁሉም ለሁሉም ሥራ ይሆናል ማለት አይደለም። ይህንን ለገዢዎች በጉልህ ያስተማረው በጁን 1996 የወጣው ‹ኩዌክ› የተባለው ጌም ነው። በዚያ ዘመን ሳይሪክስ የተባለ ኩባንያ ከኢንቴል ፔንቲየም በዋጋ የሚያንስ፣ ደብዳቤ በመጻፍና ሂሳብ በመሥራት ግን የማያንስ ፕሮሰሰር ይሸጥ ነበር። ብዙ ሰው ብልህ ነኝ ብሎ ገዛው። ኩዌክ ግን ግድግዳውንና ወለሉን በርቀታቸው ልክ ለመሣል የአስርዮሽ ስሌት ያለ ማቋረጥ ይፈልጋል፤ ሳይሪክስ ደካማ የነበረው እዚያው ላይ ነው። በቢሮ ሥራ ከፔንቲየም እኩል የሚሮጠው ማሽን ጌሙ ላይ እንደ ደከመ በቅሎ ይጎተት ጀመር። ገዢዎቹ ዋጋውን አይተዋል፤ ፍሬውን ግን በጥርሳቸው አልሰበሩትም።

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው በተቃራኒው መንገድ ነው። ኢንቴል በኤፕሪል 1998 ‹ሴለሮን› የተባለ ርካሽ ፕሮሰሰር አወጣ። ከፔንቲየም 2 ላይ ካሹን አንሥቶ የሸጠው ዕቃ ነበር። ካሽ ማለት ፕሮሰሰሩ ደጋግሞ የሚፈልገውን ነገር በቅርቡ የሚያኖርበት ጓዳ ነው፤ ጓዳ የሌላት ባለሙያ ለእያንዳንዱ ቁንጥር ጨው ገበያ ትመላለሳለች። ሴለሮን መሳቂያ ሆነ። ኢንቴልም ኦገስት 24 ቀን 1998 ስሕተቱን አርሞ ‹ሴለሮን 300ኤ›ን አቀረበ። በዚህኛው ላይ 128 ኪሎባይት ካሽ እዚያው ሲሊከኑ ላይ ተቀርጾ በፕሮሰሰሩ ሙሉ ፍጥነት ይሠራል። የውዱ ፔንቲየም 2 ካሽ 512 ኪሎባይት ቢሆንም ከጎን በተለጠፉ ሌሎች ቺፖች ላይ ነበርና የሚሮጠው በግማሽ ፍጥነት ነው። ትንሽ ጓዳ እቤት ውስጥ፣ ትልቅ ጎተራ ከግቢ ውጭ እንደ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚደንቀው የቁጥሩ ነገር ነው። ሴለሮን 300ኤ ከማዘርቦርዱ የሚመጣለትን የ66 ሜጋኸርዝ ምት በ4.5 አባዝቶ ነው 300 የሚሆነው። ኢንቴል ማባዣውን ቆልፎታል፤ ምቱን ግን ሊቆልፈው አይችልም። በዚያው ዓመት የወጡት ‹440ቢኤክስ› የተባሉ ማዘርቦርዶች ደግሞ ለውዶቹ ፕሮሰሰሮች ሲባል 100 ሜጋኸርዝ ይሰጡ ነበር። መቶ በ4.5 ሲባዛ 450 ነው። የፔንቲየም 2 ባለ 450ውም የወጣው በዚያው በኦገስት 24 ቀን ነው፤ ዋጋው ለጅምላ ገዢ 669 ዶላር፣ የሴለሮን 300ኤ 149 ዶላር። ሁለቱም በአንድ ዓይነት የ0.25 ማይክሮን አሠራር የተቀረጹ ናቸው። ‹300› የሚለው ጽሑፍ ሲሊከኑ የሚችለውን ሳይሆን፣ ገበያው በዚያ ዋጋ እንዲሸጥ የፈለገውን ይናገር ነበር። ማዘርቦርዳቸው እሺ ያላላቸው ሰዎች ከፕሮሰሰሩ የነሐስ መገናኛዎች አንዷን በጥፍር ቀለም ሸፍነው ምቱን ወደ መቶ ያስወጡት ነበር። ከሴት ጓዳ በተገኘ ቀለም የአምስት መቶ ዶላር ልዩነት ይጠፋል።

ሁሉም ሴለሮን ግን 450 አይደርስም ነበር፤ ያልቻለውም ለመመለስ ዋስትና አይኖረውም። እኔ በሴፕቴምበር 11 ቀን በዚያ አዳራሽ ስዞር ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፌ ይዣለሁ። ያገለገለ ሴለሮን 300ኤ በ55 ዶላር አገኘሁ። ለማዘርቦርዱ 110 ከፈልኩ፤ አቢት የተባለው የታይዋን ኩባንያ የሠራው ‹ቢኤች6› ነበር፤ ምቱንም ቮልቱንም ብሎን ሳይነካ ከስክሪኑ ላይ መለወጥ ያስችላል። በግራፊክስ በኩል ስሪዲኤፍኤክስ የተባለው ኩባንያ በ1998 ያወጣው ‹ቩዱ 2› ሲወጣ ባለ 12 ሜጋባይቱ ወደ 300 ዶላር ይጠጋ ነበር፤ በ1999 ‹ቩዱ 3› ስለተተካ ያገለገለውን በ60 ሰጡኝ። ይህ ካርድ ሥዕል የሚሥለው ጌም ሲከፈት ብቻ ነው፤ ለሌላው ጊዜ ተራ ካርድ ከጎኑ ተሰክቶ በአጭር ገመድ መያያዝ አለበት። ተራውን ካርድ በ15 ዶላር ገዛሁ። ሃርድ ዲስክ፣ ኬዝ፣ ያገለገለ ሞኒተርና የቀረው ትርኪ ምርኪ ሲደመር 545 ሆነ። አንድ ነጋዴ አዲስ የወጣ ካርድ አሳይቶኝ ልቤ ተሰርቆ ነበር፤ ነገር ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለውን አስታውሼ አለፍኩት። የቀረኝን 105 ዶላር ለ128 ሜጋባይት ራም አስቤ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ በሚመለሰው ገበያ እገዛለሁ ብዬ ወጣሁ።

ሴፕቴምበር 21 ቀን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ47 ላይ ታይዋን ውስጥ ምድር ተንቀጠቀጠች።

በሴፕቴምበር 25 ወደ አዳራሹ ስመለስ የራሙ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ጠበቀኝ። ዋጋው ቀድሞም መውጣት ጀምሮ ነበር፤ ከመንቀጥቀጡ በኋላ በሺንቹ ከተማ ያሉት የቺፕ ፋብሪካዎች መብራት ሲጠፋባቸው ግን ገበያው ደነገጠ። ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩት ራሞች ከመንቀጥቀጡ በፊት የተሠሩ፣ ምንም ያልነካቸው ዕቃዎች ናቸው። እኔም እንደ እናቴ ተከራከርኩ። ነጋዴው ትከሻውን ነቅንቆ ‹‹ታይዋን›› አለኝ እንጂ ሌላ መልስ አልሰጠኝም። በ105 ዶላሩ ያገኘሁት 64 ሜጋባይት ብቻ ነው። ሰውዬውን እስከ ቤቴ ድረስ በልቤ እየረገምኩት ሄድኩ።

የዚያን ዕለት ምሽት ወንድሜ ቴሌቪዥን ከፍቶ ነበር። ወደ ጎን የተጋደሙ ፎቆች፣ በፍርስራሹ ላይ ውሻ እየመሩ የሚፈልጉ ሰዎች ያሳያል። በኋላ እንደ ተቆጠረው ከ2,400 በላይ ሰው ሞቷል። ቀኑን ሙሉ እኔን ሲያናድደኝ የዋለው ቁጥር ከየት እንደ መጣ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ወንድሜ ራሙን ከላስቲኩ አውጥቶ ጀርባውን አገላብጦ አየና፣ ‹‹ይሄም ከዚያ ነው የመጣው?›› ብሎ ጠየቀኝ። ላረጋግጥለት አልቻልኩም። ማዘርቦርዱ ግን ከዚያ ነበር፤ እርሱን አሳየሁት።

በእሑድ ሌሊት የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጠርገን ገጠምነው። በ300 ያለ ችግር ተነሣ። ምቱን ወደ መቶ ሳሳድገው ስክሪኑ ጨለመ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ወደ ነበረበት መለስኩት፤ ቮልቱን ከ2.0 ወደ 2.2 ከፍ አድርጌ እንደገና ሞከርኩ። በጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ ፊደላት መጡ። ወንድሜ ‹‹አራት መቶ ሃምሳ!›› ብሎ ጮኸ፤ የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ወለሉን ደበደበብን። ከዚያ ሌሊት በኋላ ያ ልጅ ዝም ብሎ አያውቅም ብል ማጋነን ይሆናል። በማግስቱ ግን ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ ሁለት ልጆች ቅዳሜ ሊመጡ እንደሚፈልጉ ነገረኝ፤ አንደኛው ያላመነው ስለ ሴለሮኑ ነው።

ያን ጊዜ የተማርኩት ይህንን ነው፤ ዋጋ የዕቃው ባሕርይ አይደለም። ፕሮሰሰሩ ላይ ዋጋው ከዕቃው አንሶ ነበር፤ ምክንያቱም ኩባንያው ድሃውንና ሀብታሙን በጽሑፍ ሊለይ ፈልጓል። ራሙ ላይ ዋጋው ከዕቃው በልጦ ነበር፤ ምክንያቱም በሌላ ሀገር ሰው ፍርስራሽ ሥር ነበር። የመጀመሪያው ብልሃትን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ትዕግሥትን።

ከእነዚያ ዕቃ ሠሪዎች ዛሬ ብዙዎቹ የሉም። ስሪዲኤፍኤክስ በዲሴምበር 2000 ንብረቱን ለኤንቪዲያ ሸጠ። አቢት በ2008 መጨረሻ ማዘርቦርድ መሥራቱን ተወ። የዋጋው ነገር ግን አልሞተም። በ2025 መጨረሻ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት ግዙፍ ማዕከላት የዓለምን ራም ሲሻሙ ዋጋው እንደገና ናረ፤ ማይክሮን የተባለው ሠሪም በዲሴምበር ወር ‹ክሩሻል› በሚለው ስም ለተራው ሸማች መሸጡን እንደሚያቆም አስታወቀ።

በዚያው ሰሞን ወንድሜ ደወለልኝ። ልጁ ኮምፒውተር እንግጠም ብሎታል። ሁሉ ነገር ተገዝቶ ራሙ ቀርቷል።

‹‹ምን ልታደርጉ አሰባችሁ?›› አልኩት።

‹‹ግማሹን ገዝተን አንዱን ማስገቢያ ባዶ እንተወዋለን፤ የኛም እስከ ፋሲካ ባዶውን ነበር›› አለኝ። ከዚያም ልጁ ስልኩን ተቀብሎ፣ ሴለሮን 300 ስለተጻፈበት 450 ስለሚሆን ነገር አባቱ የሚያወራው እውነት እንደሆነ ጠየቀኝ።