ከአራቱ መደብ የተነሣው መሐንዲስ

በሒሳብና በፊዚክስ የደከምን ተማሪዎች የምሕንድስና በር የተዘጋብን ይመስለናል። ስለዚህ የእንግሊዛዊውን የጆርጅ ስቲቨንሰንን ታሪክ እናስታውስ።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1781 የተወለደው ይህ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ እስከ 18 ዓመቱ ማንበብ አያውቅም ነበር። ከዚያም ከደመወዙ እየከፈለ ማታ ማታ ፊደልና ሒሳብ ተማረ። ልጁን ሮበርትንም ትምህርት ቤት ሰድዶ፣ ማታ አብሮት ያጠና ነበር፤ ሮበርት በ1822 ኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ ገባ። መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልሆነለትም፤ በ1825 ለሊቨርፑልና ማንቸስተር ሐዲድ ያቀረበው ጥናት የከፍታው ልክ ተሳስቶ በፓርላማ ወደቀ። እርሱ ግን ተስፋ አልቈረጠም፤ በ1829 የአባትና የልጅ ባቡር «ሮኬት» በውድድር አሸነፈች፤ ሐዲዱም በ1830 ተከፈተ።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ዛሬ ከአራቱ የሒሳብ መደብ ብንጀምር አንፈር። ስሕተታችን በድልድይ ላይ ከሚታይ፣ አሁን በደብተራችን ላይ ቢታረም ይሻላል።