ባለፈው ወር ስንት ሩዝ በላችሁ?

አንዲት የቤንጋል ገበሬ ሚስት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ሩዝ ታበጥራለች እንበል። ወረቀትና እርሳስ የያዘ ወጣት ይመጣና፣ ከሰላምታ በኋላ፣ «ባለፉት ሠላሳ ቀናት ቤታችሁ ውስጥ ስንት ሩዝ ተበላ?» ሲል ይጠይቃታል። ሴትየዋ ምን ትመልስ? ከገበያ የተገዛ አለ፤ ከማሳ የገባ አለ፤ ለእንግዳ የቀረበ፣ ለጎረቤት የተሰጠም አለ። ጽፋ አልያዘችው! ሆኖም እንግዳን በባዶው መመለስ ነውር ነውና አንድ ቁጥር ትሰጠዋለች። ያ ቁጥር ከሌሎች አእላፍ ቁጥሮች ጋር ተደምሮ ዴልሂ ሲደርስ፣ «በሕንድ አገር ይህን ያህል ሚሊዮን ድሃ አለ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይወጣዋል።

ጥያቄውን በየመንደሩ ያዞረው ፕራሳንታ ቻንድራ ማሃላኖቢስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 ካልካታ ተወለደ፤ ኬምብሪጅ ሄዶ የተማረው ፊዚክስ ነበር። የባለቅኔው የራቢንድራናት ታጎር የቅርብ ወዳጅ ከመሆኑም በላይ ታጎር ላቋቋመው ትምህርት ቤት በጸሐፊነት አገልግሏል። (ቁጥርና ቅኔ አንድ ማዕድ አይቀርቡም ለሚሉ ይህ ምላሽ ይሁናቸው።) በ1931 የሕንድ ስታቲስቲክስ ተቋምን መሠረተ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጆንያ የሚሠራበት ጁት ቤንጋል ውስጥ በስንት መሬት ላይ እንደተዘራ ማወቅ ተፈለገ። ማሃላኖቢስ ማሳውን ሁሉ ከመቁጠር ይልቅ ጥቂቱን በዕጣ መርጦ በጥንቃቄ መለካት ይሻላል አለ። በኋላም ለገበያ ከወጣው ምርት ጋር ሲተያይ፣ ከብዙ ወጪው ሙሉ ቆጠራ ይልቅ የእርሱ ናሙና ተቀራርቦ ተገኘ።

ሰውየው ግን በቀላሉ የሚረካ አልነበረም። ዋናው ስህተት ከናሙናው ማነስ ሳይሆን ከሰው እንደሚመጣ ገብቶት ነበር። ጠያቂው ደክሞት ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ቅጹን ቢሞላስ? ስለዚህ ናሙናውን ለሁለት ከፍሎ፣ በዚያው አካባቢ ሁለት የማይገናኙ ቡድኖችን ያሰማራ ነበር። የሁለቱ ውጤት ከተራራቀ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

በ1943 በቤንጋል ረሃብ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው አለቀ። ረሃቡ ካለፈ በኋላ የማሃላኖቢስ ሰዎች ከሞት የተረፉትን በየመንደሩ እየዞሩ ጠየቁ፦ መሬቱን የሸጠው ስንት ነው? የእርሻ በሬውን ያጣውስ? በዚህ ጊዜ ጥናቱ የጁት ጉዳይ መሆኑ ቀረ።

ሕንድ ነጻ ከወጣች በኋላ፣ በ1950፣ አገር አቀፉ የናሙና ጥናት ተጀመረ። የአንዱ መንደር መስፈሪያ ለሌላው እንግዳ ነበር፤ ቁናና ጣሳ ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ ለሚያውቅ ያገራችን ሰው ችግሩን ማስረዳት አያሻም። የባሰው ችግር ግን የማስታወስ ነበር። ያለፈውን ሳምንት የተጠየቁ ሰዎች፣ ያለፈውን ወር ከተጠየቁት ይልቅ ብዙ እንደበሉ ይናገራሉ። የሳምንቱ ተጠያቂ የዛሬ አሥር ቀን የገዛውን ሁሉ ይጨምርበታል፤ የወሩ ተጠያቂ ደግሞ ይረሳል። እውነተኛው የቱ ነው? በ1952 ማሃላኖቢስና ባልደረባው ሴን በምዕራብ ቤንጋል መንደሮች፣ የሚበላው እህል ከመበሰሉ በፊት በሚዛን እንዲመዘን አደረጉ። ለሚዛኑ የቀረበው የወሩ መልስ ሆነ። ሠላሳ ቀንም ሕግ ሆኖ ለአርባ ዓመት ጸና።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የጥናቱ ባለሥልጣኖች፣ ሌሎች አገሮች ከሚሠሩበት ጋር ለመቀራረብ ይመስላል፣ ግማሹን ቤተሰብ በአሮጌው ቅጽ፣ ግማሹን በአዲሱ እየጠየቁ ሞከሩ። በአዲሱ ቅጽ ምግብ በሰባት ቀን፣ አልፎ አልፎ የሚገዛ ነገር በዓመት ይጠየቃል። በአዲሱ ቅጽ የድሃው ቁጥር ግማሽ ያህል ሆነ! ማንም አንድ ጉርሻ አልጨመረም፤ የተለወጠው ጥያቄው ብቻ ነው። በ1999-2000 በተካሄደው ታላቅ ጥናት ደግሞ የባሰ ነገር ተደረገ፤ ሰባቱም ሠላሳውም ቀን ለአንድ ሰው፣ በአንድ ቅጽ ላይ፣ ጎን ለጎን ቀረቡ። የመጀመሪያውን የመለሰ ሰው ሁለተኛውን ከእርሱ ጋር ያስማማል፤ ሰው ነውና። መንግሥት ድህነት ከ36 በመቶ ወደ 26 በመቶ ወረደ ሲል፣ ውጤቱን ከቀድሞው ጋር ማወዳደር አይቻልም የሚል ክርክር ተነሣ። በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው አንገስ ዲተን ቁጥሩን ሲያርመው፣ ድህነት መቀነሱ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ የቀነሰው ግን መንግሥት ያለውን ያህል አልነበረም።

እኔ የምፈርደው በጠያቂዎቹ ላይ አይደለም፤ ውጤቱ ደስ ሲያሰኝ ስለ ቅጹ በማይጠይቁት ላይ እንጂ። በ2019 ደግሞ ተቃራኒው ታየ። የ2017-18 ጥናት የገጠሩ ፍጆታ መቀነሱን እንደሚያሳይ ጋዜጣ ሲያወጣ፣ መንግሥት መረጃው የጥራት ጉድለት አለበት ብሎ ሳያወጣው ቀረ። በ2022-23 የተካሄደው ጥናት ቅጹን ለሦስት ከፍሎ አንዱን ቤት በተለያየ ጊዜ ሦስት ጊዜ ይጎበኛል፤ ስለዚህ ከቀድሞው ጋር ይወዳደር ወይስ አይወዳደር የሚለው ክርክር እንደገና ቀጠለ። ዓሣውና አትክልቱ ዛሬ የሚጠየቀው በሰባት ቀን ነው። የሩዙ ጥያቄ ግን አሁንም ሠላሳ ቀን ይላል።